ባይፖላር ያለብኝ ይመስለኛል፣ መዳኒት እጄ ላይ አለ፣ ልጀምረው?

መምህርት ከመንዝ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ነገሩ ረዘም ይላል ግን በማርያም እስከመጨረሻው አንብቡልኝ። 26 አመቴ ነው፣ መሃል ሜዳ አካባቢ አስተምራለሁ፣ ቤተሰቦቼ ደብረብርሃን ናቸው። ከሁለት አመት ወዲህ ራሴን ማወቅ አቅቶኛል። አንዳንዴ አራት አምስት ቀን እንቅልፍ ሚባል አይወስደኝም፣ ግን ደግሞ አይደክመኝም፣ ሌሊቱን ሙሉ የተማሪ ደብተር ሳርም አድራለሁ፣ የአመቱን እቅድ እንደገና ሀ ብዬ እጽፋለሁ፣ ሰው ሁሉ ቀርፋፋ ሆኖ ይታየኛል። አንዴ እንደውም የቆጠብኩትን የሁለት ወር ደሞዝ አውጥቼ ለክፍሌ ልጆች በሙሉ ሹራብ ገዛሁና የቤት ኪራይ ከጓደኛዬ ተበደርኩ። ከዛ ደሞ ድንገት እጥፍ እላለሁ። እህል አይወርድልኝም፣ ሰው ባያናግረኝ ደስ ይለኛል፣ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ምን ልጽፍ እንደነበር ይጠፋኛል፣ ልጆቹ "ቲቸር አመመሽ?" ይሉኛል። ይሄ ሁለት ሶስት ሳምንት ይቆያል።

አንድ ቀን ቲክቶክ ላይ የባይፖላር ምልክቶች የሚል ቪዲዮ አየሁ፣ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ ከፍ አንዴ ደግሞ ዝቅ የሚልበት የአዕምሮ ህመም ነው ይላል፣ እኔን ነው የሚያወራው። ከዛ ወዲህ ስልኬ ሌላ ነገር አያሳየኝም፣ ገና ስከፍተው እሱ ነው። ቴሌግራም ላይ መጠይቅ አግኝቼ ሞላሁና "ከፍተኛ" አለኝ። አለቀስኩ ግን ደስም አለኝ፣ ስንት ጊዜ አመለኛ ስባል ኖሬ ቢያንስ ስም ተገኘለት ብዬ።

ከዛ ለፋሲካ ቤት ሄጄ ከወንድሜ ጋር ስንጣላ "እኔ ባይፖላር ነኝ አትነካካኝ" አልኩት። እሱን በማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ስስቅ "ተነሳባት" ነው፣ ዝም ስል "ወረደባት" ነው፣ የወጡ ጨው በዛ ብል ራሱ በሽታዬ ነው ያናገረኝ። እናቴ ደግሞ ጻድቃኔ ማርያም ወስጄ ላስጠምቅሽ እያለች ነው።

አሁን ደግሞ አንዲት ባልደረባዬ እናቷ ለድባቴ ታዞላቸው የተረፈ አሚትሪፕቲሊን 14 ፍሬ ሰጥታኛለች። መሳቢያዬ ውስጥ ጠመኔ ካርቶን ስር ነው ያለው። አልጀመርኩትም። ልጀምረው? ካልሆነስ የት ነው ሚኬደው፣ አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ መሄድ ግድ ነው? ስራ ቦታስ ይታወቅብኛል?

ሳይካትሪ ነርስ

የኔ እህት መጀመሪያ መዳኒቱን እንዳትጀምሪው። በጣም አደራ። ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ያ መዳኒት ለድባቴ የሚሰጥ ነው፣ አንቺ እንዳልሽው ህመሙ በርግጥ ባይፖላር ቢሆን ደግሞ ለድባቴ የሚሰጥ መዳኒት ብቻውን ሲወሰድ ሰውየውን ወደዛኛው ጫፍ ሊያስፈነጥረው ይችላል፣ ያ አምስት ቀን አለመተኛት ወደ ሁለት ሳምንት ሄዶ ሰው የማያውቅሽ ሆነሽ ልትገኚ ትችያለሽ። ግምትሽ ልክ ቢሆንም መዳኒቱ ልክ አይደለም፣ ግምትሽ ልክ ባይሆንም መዳኒቱ ልክ አይደለም። ሌላው አሚትሪፕቲሊን ከልኩ ካለፈ ልብ ላይ ከባድ አደጋ አለው፣ የተማሪ እጅ ሊደርስበት በሚችል መሳቢያ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

አሁን ስለመጠይቁ። እኛም ክፍላችን ውስጥ መጠይቅ እንጠቀማለን፣ ለድባቴ የሚሆነው 9 ጥያቄ አለው፣ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ ከ0 እስከ 27 ይደመራል፣ 10 እና ከዛ በላይ ሲሆን ይቺን ሰው ቁጭ ብለን ማናገር አለብን ማለት ነው። በሽታው አለባት ማለት አይደለም። ልጇን የቀበረች እናትም፣ ደሟ ያነሰ ሴትም፣ ሌሊት ተረኛ ጥበቃም 10 ሊያመጣ ይችላል። ወረቀቱ ለምን እንዳልተኛሽ አይጠይቅሽም።

ባይፖላር ለማለት በደም ምርመራ የሚታይ ነገር የለም፣ ደም የምናሰራው ሌላ በሽታ አለመሆኑን ለማየት ነው። የምንመረምረው በታሪክ ነው። ያ ከፍ የሚልሽ ነገር ስንት ቀን ቆየ? ቀለል ላለው ቢያንስ 4 ቀን፣ ለከባዱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ወይ ሆስፒታል የሚያስተኛ መሆን አለበት። በዛን ጊዜ ጫት ነበር? ቡና ስንት ስኒ? መዳኒት? ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ? ከሁሉ በላይ ደግሞ አብሮሽ ያለ ሰው ምን አየ? ይሄን የምልሽ ሰው ከፍ ሲል ራሱን አያይም፣ ደህና የሆንኩበት ሳምንት ነው ብሎ ነው ሚያስታውሰው። ስለዚህ ወንድምሽ ቢያናድድሽም ይዘሽው ነይ።

የት ለሚለው አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። እዛው አቅራቢያሽ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሪ፣ ካስፈለገ ደብረብርሃን ሪፈራል ይጽፉልሻል፣ እዛ የአዕምሮ ህክምና ክፍል አለ። የጤና መድን ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ሪፈር ሳትይዙ ቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ መድኑ ሙሉውን ላይሸፍንላችሁ ይችላል። ስራ ቦታን በተመለከተ ካርድሽ ላይ የተጻፈውን ላለቃሽ አንናገርም፣ የህመም ፈቃድ ብትፈልጊም ወረቀቱ ላይ ምን እንዲጻፍ ከሀኪሙ ጋር መነጋገር ትችያለሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሲወርድብሽ የመሞት ሀሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? እዚህ ባትመልሺልኝም ለራስሽ መልሺ። አዎ ከሆነ ቀጠሮ ምናምን አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግቢ፣ ብቻሽን አትደሪ፣ ያንን መዳኒትም ዛሬውኑ ለሰው ስጪው።

የቀወት ልጅ

ሲስተር ያለችውን በደንብ ስሚ እህቴ። የኔን ልንገርሽ። ሸዋሮቢት ነኝ። በ2014 ህዳር ጦርነቱ እኛጋ ሲደርስ እናቴን ይዤ በእግር ወጣሁ፣ ተመልሰን ከገባን በኋላ ግን ልቤ አርፋ አታውቅም። ድም ድም ትላለች፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በላብ ነው፣ እንቅልፍ የለም፣ ከ10 ኪሎ በላይ ቀነስኩ። ስልኬ ላይ ፈለግኩና ፓኒክ የሚባል የጭንቀት በሽታ እንደሆነ ደረስኩበት፣ ከጦርነት በኋላ የሚመጣ ጭንቀትም ይላል፣ ሁሉም ልክ ልክ ይመጣል። እውነትም ጦርነት አይቻለሁ፣ ማን ምን ይለኛል? አንድ ፋርማሲ ያለ ልጅ ያለማዘዣ ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መዳኒት ይሰጠኝ ጀመር። መጀመሪያ ግማሽ ከዛ አንድ ከዛ ሁለት። አመት ሞላኝ።

ላቡን የሸዋሮቢት ሙቀት ነው እል ነበር፣ እኛጋ ማን የማያልበው አለ። እንዴት እንደተገለጠ ስሚኝ፣ በታህሳስ ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ደብረብርሃን ሄድኩ። የታህሳስን የደብረብርሃን ጠዋት ታውቂዋለሽ፣ ሳሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ሰው ሁሉ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ እኔ በካናቴራ ደጅ ቁጭ ብያለሁ፣ ግንባሬ ላይ ላብ። አክስቴ ቡና ይዛ ወጥታ አየችኝና ስኒውን መሬት አስቀምጣ አንገቴን በእጇ ያዘችው። "አንተ ልጅ ይሄ የእናትህ እንቅርት ነው እኮ" አለች። እኔ አይቼው አላውቅም፣ በመስታወት ጺሜን ብቻ ነው ማየው።

የደም ምርመራ ሲሰራ የእንቅርት ሆርሞኑ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። መዳኒት ጀምሬ በሁለት ወር ገደማ እጄ መንቀጥቀጡን ተወ፣ ልቤም ረጋ። ሌሊት አሁንም አንዳንዴ ያባንነኛል፣ ጦርነቱ ምንም አላደረገኝም አልልም፣ እሱንም ሀኪሙ እየተከታተለው ነው። ግን አንዱን ስም ይዤ ሌላውን እንዳላይ ሆኜ አንድ አመት ሙሉ አንገቴ ላይ ተሸክሜው ዞርኩ። ዲያዜፓሙን ለመተው ደግሞ ከእንቅርቱ የበለጠ ነው ያሰቃየኝ፣ በአንዴ ማቆም አይቻልም፣ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል ብለው ቀስ በቀስ በወራት ነው ያስቀነሱኝ። እኔ ያንን ልጅ አልረግመውም፣ የለመንኩት እኔ ነኝ። ግን አንቺ 14ቱን ፍሬ ተያቸው።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁም ያላችሁት ልክ ነው ግን ልጅቷ ስልኳ ላይ በማየቷ ጥፋተኛ እንዳትመስል እፈልጋለሁ። እኔ ሁለተኛ ልጄን ወልጄ አራስ ቤት እያለሁ ልጁን ማቀፍ አስጠላኝ። አስጠላኝ ነው የምላችሁ። የገንፎው ሽታ፣ የሚመጣው ሰው፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሲሉኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አማቴ አራስ ነሽና ለክፏት ነው ብላ ትራሴ ስር ቢላ አደረገች። ሶስት ወር እንዲህ ሆንኩ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ከሬዲዮ ነው፣ እየሰማሁ ልጁን አቅፌ አለቀስኩ፣ ክፉ እናት ነኝ ብዬ ነበር እኮ። ያንን ቃል ባልሰማ እስካሁን ግድግዳው ጋ ነበርኩ።

ግን ሄጄ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ገና ከመቀመጤ "ድባቴ አለብኝ" አልኩት ሀኪሙን። እሱም እሺ ብሎ ጽፎ መዳኒት አዘዘልኝ፣ አምስት ደቂቃም አልሞላ። ምን ሆንሽ አላለኝም፣ እኔም መልሱን ሰጥቼው ነው የገባሁት። ወር ውጬ መራመድ ሁሉ ያቅተኝ ጀመር። ሁለተኛ ሌላ ቦታ ስሄድ ያገኘኋት ባለሙያ "ስሙን ተይውና ከጠዋት ጀምረሽ እስክትተኚ ያለውን ቀንሽን አውሪልኝ" አለችኝ። ደረጃ ስወጣ አይኔ እንደሚጨልምብኝ፣ ስወልድ ደም በጣም እንደፈሰሰኝ ያኔ ነው የነገርኳት። ደሜ በጣም አንሶ ነበር። ድባቴውም እውነት ነበር፣ ሁለቱም ታከመ።

ስለዚህ የኔ ቆንጆ ባይፖላር ነኝ ብለሽ አትግቢ። ሹራቡን ንገሪያቸው። ጠመኔ ይዘሽ የቆምሽውን ንገሪያቸው። በቀን በቀኑ ደብተር ላይ ጻፊው፣ መቼ ተኛሽ፣ ስንት ሰአት፣ ምን አደረግሽ፣ የወር አበባሽ መቼ መጣ፣ እሱንም አትርሺ።

ዲያቆን ዘሰላድንጋይ

ስለጸበሉ ማንም ስላላነሳው ነው። እህቴ እናትሽን አትከልክያት፣ ጻድቃኔ ማርያም እኛው ዘንድ ናት፣ ሱባኤ የሚገባውን ሁሉ አያለሁ። የማዝነው መዳኒቱን ጥሎ በሚመጣው ነው። አንድ ልጅ ተሽሎት አምስት አመት የዋጠውን መዳኒት እምነት ማጉደል መስሎት በር ላይ ጥሎት ገባ፣ በሶስተኛው ሳምንት ወንድሞቹ አስረው ወሰዱት፣ ሲወስዱት ስሜን እየጠራ ነበር። አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪው ጊዜ ጸበሉንም መዳኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው አስተምረዋል፣ ለዚህም ያው ነው። ተጠመቂ፣ መዳኒት ከታዘዘልሽ ደግሞ በጸበሉ ዋጪው። ማንም አቁሚ ቢልሽ፣ ቆብ ያደረገም ቢሆን፣ ያዘዘልሽን ሀኪም ሳትጠይቂ አታቁሚ። እንዳትጦሚ ደግሞ ሳትበይ የማይወሰድ መዳኒት ከሆነ ለንስሀ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ለህመምተኛ ይፈቅዳሉ።

መምህርት ከመንዝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ሲስተር በተለይ አንቺን። ቆይቼ ነው የመጣሁት፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር። 

ሄድኩ። ጤና ጣቢያ ሪፈር ጽፈውልኝ ደብረብርሃን ካርድ አወጣሁ። ደብተሩን 19 ቀን ጽፌው ነበር። ወንድሜን ይዤው ገባሁ፣ መጀመሪያ በር ላይ ልጠብቅሽ ብሎ ነበር፣ ባለሙያው ግባ አለው። "አንተ ምን አየህ?" ሲለው ዝም ብሎ ቆየና "በጥር ሌሊት 9 ሰአት ላይ ተነስታ ልብስ ታጥብ ነበር" አለ። እኔ አላስታወስኩም፣ ማለት አጥቤያለሁ ግን ለኔ ልብስ ማጠብ ነበር። የኛን ግቢ በጥር ሌሊት አስቡት፣ የባንቧው ውሃ በረዶ ይሆናል። ጣቶቿ ቀልተው አብጠው እየዘፈነች ነበር አለ። ቀጥሎ "ስቀልድባት የነበረው ፈርቼ ነው" አለ፣ ድምጹ ተለወጠ። እኔም እሱም ባለሙያው ፊት አለቀስን።

ስም አልሰጡኝም ገና። ባይፖላር ሊሆን ይችላል ግን ከዛሬ ተነስቼ አልልሽም፣ የእንቅርት ሆርሞንና ደምሽን እንይ፣ ደብተሩን ቀጥይ ነው ያለኝ። ስም ሳልይዝ ስወጣ ይከፋኛል ብዬ ነበር፣ አልከፋኝም። እንቅልፍ በሰአት እንድተኛ፣ ከሰአት በኋላ ቡና እንድተው ነግሮኛል። ሲስተር የጠየቅሽኝን ጥያቄም እሱም ጠየቀኝ፣ ወንድሜን አስወጥቶ። መለስኩለት። አሁን ከእናቴ ጋር ነው የምተኛው።

14ቱን ፍሬ እዛው ሰጠሁት። ቀጠሮዬ የሚቀጥለው ሀሙስ ነው፣ እናቴ ደግሞ ለቅዳሜ ጻድቃኔ ይዛልኛለች፣ ለሁለቱም ወንድሜ ነው የሚወስደኝ።