ከሲያትል ሳን ፍራንሲስኮ፣ በዲሴምበር ከእማዬ ጋር

ጥያቄ፦ እማዬ ከደሴ መጥታለች። ባሕር አይታ አታውቅም። በመኪና እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ልወስዳት ነው፤ አምስት ቀን አለን። ኦሪገን ተራራ ላይ ያለውን ሐይቅ፣ ክሬተር ሌክንም ባሳያት ደስ ይለኛል። ከባሕሩ ርቆ በሚያልፈው አውራ ጎዳና በአይ-5 ልሂድ ወይስ በባሕር ዳሩ መንገድ በ101? ጉልበቷን ያማታል።

መልስ፦ በ101 ሂድ ወንድሜ። አይ-5 ሲስኪዩ ተራሮች ላይ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በረዶ ከጣለ የጎማ ሰንሰለት ግዴታ ሊሆን ይችላል። ክሬተር ሌክን ለበጋ ተወው፤ የሰሜኑ መግቢያ አሁን ዝግ ነው።

መልስ፦ ኦሪገን ባሕር ዳር ያለው ካነን ቢች እንዳያመልጣችሁ። ደግሞ ካሊፎርኒያ ስትገቡ አቬኑ ኦቭ ዘ ጃያንትስ የሚባል መንገድ አለ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሬድዉድ በሚባሉ ግዙፍ ዛፎች መሃል ነው የምትነዳው፤ እማማ ከመኪና ሳይወርዱ ያዩታል። አደራ፣ ባሕሩ ዳር ጀርባችሁን ለውሃው አትስጡ። በዚህ ወቅት ማዕበሉ ድንገት ነው የሚመጣው።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ በ101 ነው። እማዬ ከባሕሩ በሃይላንድ ቀድታ ለእህቷ ልትወስድ አስባለች። እጇን ይዤ አስቀዳታለሁ።