ክርክር፦ ኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል (የጋራ ቤት) ውስጥ የሄቪ ሜታል ኮንሰርት ይታይ ወይስ አይታይ?

የብሎክ 11 ልጅ፦ ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ የተለጠፈውን አያችሁት? «ባለፈው ቅዳሜ ማታ የታየው ሰይጣናዊ ኮንሰርት እንዳይደገም። ኮሚናሉ ለጋራ ጉዳይ ብቻ ነው» ይላል። ያየነው የእንግሊዙን የሄቪ ሜታል ሮክ ባንድ የአይረን ሜይደንን «ሮክ ኢን ሪዮ» የኮንሰርት ዲቪዲ ነው። ፕሮጀክተር ተውሰን፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረን። ማንን ነካን? ሲኒማ ለማየት ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ድረስ ታክሲ እየቀያየርን ነው የምንሄደው።

የኮሚቴ ጸሐፊ፦ የለጠፍነው እኛ ነን፤ አንደብቅም። ኮሚናል የተሠራው ለልቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለእርድ፣ እንጀራ ለመጋገር ነው። ለጋራ ጉዳይ። በዚያ ላይ ልጆቹ በጾም ምድር «666» እያሉ ሲጮሁ በመስኮት ሰምቻለሁ። ይህን ቁጥር የማውቀው ከዮሐንስ ራእይ ነው።

ማሂ፦ ጋሼ፣ እነሱም ያመጡት ከዚያው ነው። «666» የሚሉበት ዘፈን «ዘ ነምበር ኦፍ ዘ ቢስት» (የአውሬው ቁጥር) ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ገና ሲጀምር የሚነበበው ራእይ ነው፤ ምዕራፍ 13 ቁጥር 18 አለበት። የጻፈው የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ስቲቭ ሃሪስ ነው፤ አስፈሪ ፊልም አይቶ በቃዠው ቅዠት ተነሥቶ። ቅዠትን መናገር ማምለክ አይደለም።

የሰንበት ተማሪ፦ አሜሪካ ውስጥ ያኔ ክርስቲያኖች አልበሙን አቃጥለዋል። የተቆጣነው እኛ ብቻ አይደለንም። ጋሼ ልክ ናቸው።

የብሎክ 11 ልጅ፦ አቃጥለዋል፣ እውነት ነው። እዚያው ኮንሰርት ላይ ግን ርዕሱ «ስምህ ይቀደስ» የሆነ ዘፈንም አለ። በገመድ እንዲሰቀል የተፈረደበት ሰው በመጨረሻ ሰዓቱ የሚያስበው ነው። ስቲቭ ሃሪስ አባቱ ሲሞት የጻፈውም አለበት። እነዚህ በመስኮት አልገቡም?

ቤቢ፦ ሃይማኖቱን ለጊዜው ተዉትና «ለጋራ ጉዳይ» የሚለውን አስረዱኝ። ቅዳሜና እሁድ እዚያው ኮሚናል ውስጥ ዲኤስቲቪ ተከፍቶ ፕሪሚየር ሊግ ይታያል። አርሰናል ሲያገባ ጩኸቱ ብሎክ 4 ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን ማስታወቂያ ተለጥፎበት ያውቃል?

የኮሚቴ ጸሐፊ፦ ኳስ ሁሉም ያየዋል።

ማሂ፦ እኔ አላየውም። እናቴም አታየውም። በኛ ደረጃ ያሉት እናቶች አንዳቸውም ለኳስ ኮሚናል ገብተው አያውቁም። «ሁሉም» የሚባለው ወንዱ ብቻ ነው?

ቤቢ፦ ኳስ ሲኖር የዕድሩ ወንበር ይወጣል። እኛ ስንጠይቅ ተከለከልን። ሲሚንቶ ላይ ካርቶን አንጥፈን ነው ያየነው።

ዕድርተኛ፦ ወንበሩን እዚህ አታስገቡ። ወንበር የሚወጣው በገንዘብ ያዡ ፊርማ ነው። ለኳስ የወጣው እግሩ ተሰብሮ ተመልሶ እስከ ዛሬ ያስጠገነው የለም።

የብሎክ 7 እናት፦ እኔ አራስ ነኝ። የዚያ ከበሮ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ አልጋዬን ያንቀጠቅጠዋል። ልጄን አስተኝቼ ሳልጨርስ እንደገና ይነሣል። ሰይጣንም ይሁን መልአክ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ዝም ይበልልኝ። ኳሱም ጭምር።

የብሎክ 11 ልጅ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከሦስት ሰዓት በኋላ እንቀንሳለን።

የብሎክ 7 እናት፦ እንዘጋለን በል።

መቅደላ፦ ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ድምጻዊው «ዘ ትሩፐር»ን ሲዘፍን የእንግሊዝን ባንዲራ ማውለብለብ ልማዱ ነው። ያ ባንዲራ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ምን እንደሠራ እናውቃለን። የተዘረፉብን ታቦታት እስከ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ናቸው። ልጆቻችን ለዚህ ያጨበጭባሉ?

ማሂ፦ መቅደላ የሁላችንም ቁስል ነው። ዘፈኑ ግን ስለ ሌላ ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ክሪሚያ ላይ በተምታታ ትእዛዝ ሩሲያ መድፍ ላይ ስለተነዱ ፈረሰኞች ነው። የሚናገረው እየሞተ ያለ ወታደር ነው። ድል የለበትም።

መቅደላ፦ ባንዲራው ያው ባንዲራ ነው።

ቤቢ፦ ፕሮፋይልህ ላይ የለበስከው የአርሰናል ማሊያ የየት አገር ነው?

መቅደላ፦ ኳስ ሌላ ነው።

ቤቢ፦ ሁልጊዜ ኳስ ሌላ ነው! ጋሼም ይህንኑ ነው ያሉት።

ጊታሪስቱ፦ እኔ ሜታል ወዳድ ነኝ፤ ግን «ኮንሰርት አየን» አትበሉ። ቪዲዮ ቪዲዮ ነው። ያን ዲቪዲ ደግሞ ኤዲት ያደረገው ስቲቭ ሃሪስ ራሱ ነው። ጊታሪስቱ ብቻውን ሶሎ ሲጫወት ጣቱን ለማየት ዓይንህን ስትተክል ካሜራው ዘሎ ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሎንግ ቢች ላይ የቀረጹትን እዩ። መድረኩ የግብፅ ፈርዖኖች ነው፤ ካሜራውም ይረጋል።

የብሎክ 11 ልጅ፦ ከቪዲዮ ሌላ በምን እንየው? እ.ኤ.አ. በ2016 ድምጻዊው ብሩስ ዲክንሰን ራሱ ቦይንግ 747 እያበረረ ቡድኑን ይዞ ዓለምን ዞረ። ደቡብ አፍሪካ ተጫውተው ሄዱ፤ አዲስ አበባ አልወረዱም። ያየነው ኮንሰርት እ.ኤ.አ. ጥር 2001 ብራዚል ሪዮ ላይ ሲቀረጽ 250 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበር። «ፊር ኦፍ ዘ ዳርክ» ሲጀመር ያ ሁሉ ሰው ግጥም የሌለውን የጊታር ዜማ ሳይቀር አብሮ ይዘምራል። እኛም ካርቶናችን ላይ ተቀምጠን አብረን ዘመርን። የማንተዋወቅ የሦስት ብሎክ ልጆች ነን። ከዚህ በላይ የጋራ ጉዳይ አምጡልኝ!

የሰንበት ተማሪ፦ አብሮ መዘመር ከተፈለገ መዝሙር አለ።

ማሂ፦ አለ። እኔም እዘምራለሁ፤ እሁድ ጠዋት አጠገብህ ነው የምቆመው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ይሄን አያለሁ።

የኮሚቴ ጸሐፊ፦ ሪዮ ሪዮ ነው። እዚህ የቤት ባለቤቶች ማህበር አለ። ኮሚናሉ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ጉባኤው ነው።

ቤቢ፦ እንግዲያው ጉባኤ ይጠራ። ኳሱም አጀንዳ ይያዝለት።

የኮሚቴ ጸሐፊ፦ ይጠራል። ድምፅ የሚሰጠው ግን ባለቤት ነው። ተከራይ ድምፅ የለውም።

የብሎክ 11 ልጅ፦ ለውሃው ፓምፕ ስናዋጣ ተከራይ ናችሁ አልተባልንም።

ዕድርተኛ፦ የፓምፑን ገንዘብ እዚህ ምን አመጣው?

ቤቢ፦ ደረሰኙን አውጡና እንነጋገር።