ራሱን የተመታ ተጫዋች ይውጣ የሚለው ማነው?

አዘዞ ሜዳ
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጎንደር ነው፣ አዘዞ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ቡድን አሰባስባለሁ። አሰልጣኝ ይሉኛል እንጂ ስራዬ ኳስ መንፋትና ማልያ መልቀም ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ኮርና ተመታብን። የእኛ ተከላካይና የእነሱ አጥቂ እኩል ለቴስታ ዘለሉ፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተላተሙ። ድምፁ እኔ እስከቆምኩበት ተሰማ። ልጁ ወደቀ፣ ውሃ ደፋንበት፣ ተነሳ። "ደህና ነኝ" አለና ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ወደ መስመሩ ጠጋ ብሎ "ስንት ለስንት ነን?" አለኝ። 2 ለ 1 እየመራን ነው አልኩት። ደግሞ መጣ፣ "ስንት ለስንት ነን?" ለሶስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ሳቅን። ጨዋታው ሲያልቅ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ፣ እንጀራው ባጃጅ ነው። ማታ እናቱ ደውለው ያስመልሰዋል አሉኝ። ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ ሲቲ ስካን ተነሳ፣ ምንም የለበትም ተባለ። አሁን ለቅዳሜ አሰልፈኝ እያለ ነው።

በዚህ መሃል ስልኬ ላይ የአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ ቪዲዮ አየሁ። አንዱ ተመታ፣ ተነሳ፣ እየሮጠ ነው፣ ግን አስወጡት። እጁን እያወራጨ ተከራከረ፣ የሰማው የለም። ማነው የሚያስወጣው? በምን ያውቃሉ? ሐኪም ቀርቶ ወጌሻ የሌለን ሰዎች ከዚህ የምንወስደው ነገር ይኖር ይሆን?

ሜልቦርን የከረመ
ወንድሜ፣ እኔም የአራዳ ልጅ ነኝ። እዚህ ከመጣሁ ብዙ ዓመቴ ነው፣ ይሄን ጨዋታ መጀመሪያ ሳየው ጠብ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ቅዳሜና እሁዴን በልቶታል። ራግቢ ሊግ 13 ለ 13 ነው፣ የ15 ሰዉ ሌላ ራግቢ ነው፣ አይምታታብህ። ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል ነው ስራው። እና ጭንቅላት የማይመታበት ሳምንት የለም።

ጥያቄህ ማነው የሚያስወጣው ነው አይደል? ዋናው ነገር ተጫዋቹ አለመሆኑ ነው። አሰልጣኙም አይደለም። የክለቡ ሐኪም አለ፣ ግን እሱም ደሞዙን የሚከፍለው ክለቡ ነው፣ ኮከቡን ሊያስወጣ ሲል አሰልጣኙ ዓይኑን ያፈጥበታል። ስለዚህ ኤንአርኤል (የአውስትራሊያው የራግቢ ሊግ ውድድር) ሲድኒ ውስጥ ስክሪን የሞላው ክፍል አለው፣ እዚያ ከማንም ክለብ ያልሆነ ሐኪም ቁጭ ብሎ ግጭቱን እየመለሰ ያያል። ይሄ ሰው ይውጣ ካለ ይወጣል።

አንዳንዱ ምልክት ከታየ ፈተና ብሎ ነገር የለም፣ ጨዋታው ለሱ አበቃ። ራሱን ከሳተ፣ ሲወድቅ እጁን ሳይዘረጋ እንደ ግንድ ከወደቀ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ሲነሳ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ። ምልክቱ አጠራጣሪ ከሆነ ግን ለ15 ደቂቃ አውጥተው ጸጥ ያለ ክፍል ያስገቡታል። ቃላት ይነግሩታል፣ ቆይተው መልስ ይሉታል። ወራትን ከኋላ ወደ ፊት ያስቆጥሩታል (የእኛ ሰው ከጳጉሜን ሊጀምር ነው፣ 13 ወር፣ ፈተናው ይከብድብናል)። ሚዛኑን ያያሉ። ውድድሩ ሳይጀመር፣ ጤነኛ እያለ ያስመዘገበው ውጤት ስላለ ከዚያ ጋር ያመሳክሩታል። በነዚያ 15 ደቂቃዎች ሌላ ሰው ይገባለታል፣ አልፎ ከተመለሰም ከቡድኑ የቅያሪ ቁጥር አይቀነስም። ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው። አሰልጣኙ ሰው ጎደለብኝ ብሎ የሚደብቅበት ምክንያት ያንሳል።

እግር ኳስ ይሄ የለውም። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ውድድሮች ከፈለጉ ለጭንቅላት ጉዳት ተጨማሪ ቅያሪ መፍቀድ ይችላሉ፣ ግን የወጣ ወጣ ነው፣ አይመለስም። ስለዚህ ሐኪሙ ሰማንያ ሺህ ሰው እያየው፣ ሜዳ ላይ ተንበርክኮ በችኮላ ይወስናል።

የድሮ ስቶፐር
ኧረ ልጆች አታካብዱ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? እኛ በጥንግ ተፈንክተን በነጠላ አስረን ነው የቀጠልነው። እኔ ራሴ አንድ የዋንጫ ጨዋታ ላይ ከቋሚው ጋር ተጋጭቼ ሁለተኛውን አጋማሽ ጭራሽ አላስታውሰውም፣ ጎል አግብተሃል ብለው ነው የነገሩኝ። እስካሁን ቡና ላይ የማወራው እሱን ነው። ከፈራችሁ እንደ በረኛው ፒተር ቼክ ቆብ ግዙላቸው።

ማታ ተረኛ
ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ያንን ጎል ማን እንዳገባው እርስዎ አያውቁትም ማለት ነው።

ነርስ ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል እሰራለሁ። የቼክ ቆብ በእርግጥ የራግቢ ቆብ ነው። 2006 ላይ የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ ስለነበር ያንን አጥንት ለመከላከል ነው ያደረገው። የአንጎል መናወጥ ግን አጥንት ላይ አይደለም፣ ውስጥ ነው። ወተት ሲናጥ አይተው የለ? ቅሉን በጨርቅ ቢጠቀልሉት ወተቱ መናጡን ይተዋል? የራስ ቅልም እንደዚያው ነው። ቆቡ ቁስል ይቀንሳል፣ አንጎሉ ውስጥ መላጋቱን አያስቆምም።

አዘዞ፣ ሲቲ ስካኑን በተመለከተ። ሲቲ የሚፈልገው ደም መፍሰስና ስብራት ነው። የአንጎል መናወጥ እዚያ ላይ አይታይም። ስለዚህ "ምንም የለበትም" ማለት ደም አልፈሰሰም ማለት እንጂ አልተናወጠም ማለት አይደለም፣ ይሄን ለቤተሰብ ስናስረዳ ጉሮሯችን ይደርቃል። ደግሞ ራሱን አልሳተም ብለህ አትጽናና፣ አብዛኞቹ አይስቱም።

2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን አስታውሱ። የጀርመኑ ክራመር ተመትቶ ሩብ ሰዓት ያህል ተጫወተ፣ ከዚያ ዳኛውን "ይሄ ፍጻሜው ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀው። እዚያ ሁሉ ሐኪም ባለበት! ነገሩን የያዘው ዳኛው ነው። አንተንም ልጁ ሶስቴ ነግሮህ ነበር።

ሜልቦርን የከረመ
እሷ ያለችውን ልጨምር። የራግቢዎቹ የሜዳ ጥያቄ ሐኪም አይፈልግም። የት ሜዳ ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ያገባው ማነው? ባለፈው ከማን ተጫወትን? አሸነፍን? አንዷን ከሳተ ይወጣል። ያንተ ልጅ ሳትጠይቀው ነው የወደቀው። ግን ልብ በል፣ ጥያቄው ለማስወጣት እንጂ ለመመለስ አይደለም። ሁሉንም ቢመልስም ከተጠራጠርክ ይቀመጥ።

ስለ መመለስ ደግሞ የሚገርምህን ልንገርህ። ኤንአርኤል ከ2023 ጀምሮ መናወጥ የተረጋገጠበትን ተጫዋች በመሠረቱ ለ11 ቀን ያስቀምጠዋል። ለሰፈር ተጫዋች ግን የአውስትራሊያ የስፖርት ተቋም 2024 ላይ ያወጣው መመሪያ ቢያንስ 21 ቀን ይላል። ደመወዝተኛው 11፣ አማተሩ 21! ለምን ብትል ደመወዝተኛው በየቀኑ የሚያየው ሐኪም አለው።

እና ጋሼ፣ ማካበድ አይደለም። ፖል ግሪን የሚባል ሰው ነበር፣ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ሊጉን የሚያውቅ፣ 2015 ላይ ካውቦይስን ሻምፒዮን ያደረገ። 2022 ላይ በ49 ዓመቱ አረፈ። አንጎሉ ሲመረመር ሲቲኢ ተገኘበት፣ ከተደጋገመ ምት ጋር የሚያያዘው የአንጎል በሽታ። ይሄ በሽታ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እዚህ አገር ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ተቀየረ። ፍጹም ሆነ አልልህም፣ አሁንም ሐኪሙ አስወጣብን እያሉ የሚያማርሩ አሰልጣኞች በየሳምንቱ እሰማለሁ።

የድሮ ስቶፐር
ነፍስ ይማር። የቼክን ቆብ ያልኩትን ትቻለሁ።

አዘዞ ሜዳ
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ ባጃጁስ? አሁንም ራሴን ያመኛል ይላል፣ ብርሃን ይረብሸዋል።

ማታ ተረኛ
ኧረ አይንዳ! ሰው ጭኖ? ራስ ምታቱ እስኪለቀውና ሐኪም ደግሞ እስኪያየው ቁልፍ አይያዝ። አረቄም ይቅርበት። እንደገና ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ እንቅልፉ ከከበደ፣ ሁለት ሁለት ከታየው ወይም እጁ ከደከመ ግን ሌሊትም ቢሆን አምጡት፣ ይንጋ አትበሉ።

አዘዞ ሜዳ
ከሶስት ቀን በኋላ ልመለስበት ብዬ ነው። ሐኪም ደግሞ አይቶት ዕረፍት አዞለታል። የባጃጁ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፣ ወንድሙ እየነዳለት ነው። እንጀራዬን ነጠቅከኝ ብሎ አኩርፎኛል። 21 ቀኑን ከግጭቱ ቀን ጀምሬ ቆጥሬ ለእናቱ ሰጥቻለሁ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ቅዳሜ ደግሞ የማይጫወት አንድ ሰው መስመር ላይ እናቆማለን፣ ራሱን የተመታ ካለ ይውጣ የሚለው እሱ ብቻ ነው፣ እኔ እንኳ አልከራከረውም። የሌላው ሰፈር አሰልጣኝ ተመትቶ ለሚወጣ ቅያሪ አይቆጠርበትም ስለው ወዲያው ተስማማ።

ትናንት ማታ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ፊቱን አዙሮ ተኝቷል። ልወጣ ስል "ቅዳሜ ግን ስንት ለስንት አለቀ?" አለኝ።

2 ለ 2 አልኩት። ሁለተኛው የገባብን በእሱ በኩል መሆኑን አልነገርኩትም።