«ቡና ራሱን ይሸጣል» ማለት ምን ማለት ነው?

የሂርማታ ልጅ፦ ሰሞኑን ጅማ በተደረገ የነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ቡና ቆልተው የሚያሽጉ አንድ ባለሀብት «ለማርኬቲንግ ማናጀር ደመወዝ ከምከፍል ሌላ መቁያ ማሽን ብጨምር ይሻለኛል፤ ቡና ራሱን ይሸጣል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ደሜ ፈላ። ድርጅታቸው እያደገ ነው፤ ገዢያቸውን የሚከታተል ግን አንድም ሰው የለም።

አጋሮ፦ ሰውየው ምን አጠፉ? አባቶቻችን ያለ ማናጀር ነው የሸጡት። ጥሩ ቡና ካለህ ገዢው ደጅህ ድረስ ይመጣል።

የሂርማታ ልጅ፦ ይመጣል፤ ዋጋውንም ራሱ ቆርጦ ይመጣል! ራሱን የሚሸጥ ቢሆን «ጅማ 5» የሚባለው የጅማ ደረጃ 5 ቡና በዓለም ገበያ ለመቀላቀያ የሚፈለግ ርካሽ ቡና ሆኖ ይቀር ነበር? መንግሥት በ1997 ዓ.ም. የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋጨፌን ስም አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲነሳ ጅማ የለችበትም። ለእነዚያ ስሞች ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ሳይቀር ተከራክሮ በ1999 ተስማማ። ስም ሰው ይዞለት ሲሟገት ነው ዋጋ የሚያወጣው።

ሊሙ፦ ይርጋጨፌን ያስጠራው መጀመሪያ ጣዕሙ ነው። የእኛ አብዛኛው ሳይታጠብ በፀሐይ የደረቀ ነው። የታጠበውን የሊሙ ቡና እዩት፣ ዋጋው ሌላ ነው። ጥራት ይቅደም።

የሂርማታ ልጅ፦ ጥራቱንማ ማን ካደ? መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ የእኚሁኑ ሰው እሽግ ገዛሁ። የተቆላበት ቀን የለውም። ስልክ ቁጥሩ ለቆ መጨረሻው አይነበብም። ቡናው ግን ቤቱን በመዓዛ ሞላው። ደግሜ ላዝዝ ብል በየት በኩል?

አጋሮ፦ ለእሱ ማተሚያ ቤት ይበቃል።

ተመራቂዋ፦ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በማርኬቲንግ ነው የተመረቅኩት። ማስታወቂያው 5 ዓመት ልምድ ይላል፤ የሚቀጠረው የባለቤቱ የእህት ልጅ ነው። አንድ ቦታ ተቀጥሬ ሥራዬ ፎቶ ማንሳትና «እንኳን አደረሳችሁ» መለጠፍ ሆነ። ስለ ዋጋ ሳነሳ «እሱን ለጋሼ ተይው» እባላለሁ። ሱቆቹ የወሰዱትን መቼ እንደሚጨርሱ እንኳ መዝገብ አልነበረም። ዋጋና በጀት የማይነካ ማናጀር ምን ሊያመጣ ነው?

ባለድርጅት፦ እህቴ፣ እኔ ከአዲስ አበባ ልምድ ያለው ሰው አምጥቼ ነበር። አንድ ሱቅ ሳይዞር ቢልቦርድ ይሰቀል አለኝ።

ሊሙ፦ ታዲያ ለምን ከዚሁ አትቀጥርም? ኦሮምኛ የማይችል ሰው ከገበሬው ጋር እንዴት ይግባባል?

የሂርማታ ልጅ፦ ገበሬው ጋ ማን ላከው? እሱ የሚፈለገው ገዢው ጋ ነው።

ሊሙ፦ ቡናው ከየት ቀበሌ እንደመጣ ሳያውቅ ለገዢው ምን ሊነግረው? ውጭ ያለው ገዢ ዛሬ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ባለድርጅት፦ እሺ፣ ለዚች ልጅ የዋጋ ሥልጣን ሰጠሁ እንበል። በስድስት ወር ሽያጩ ካልጨመረስ?

ተመራቂዋ፦ ግቡን ከመጀመሪያው አብረን እንጽፋለን፣ ከነበጀቱ። ያለ በጀት ግብ ላይ አልፈርምም።

ባለድርጅት፦ በጀቱን ሽያጩ ያምጣው እንጂ!

ተመራቂዋ፦ የማንስማማው እዚህ ላይ ነው፣ ጋሼ።

አጋሮ፦ ያው ለፎቶ ልትከፍሉ ነው።