ሻጩ «ክፍያው ስለተያዘብኝ አልልክም» ይላል፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ኦንላይን ገበያ ላይ ካገኘሁት ሻጭ ያገለገለ የካሜራ ሌንስ አዝዤ በፔይፓል (በኢንተርኔት ገንዘብ የሚያስተላልፍ ድርጅት) ከፍያለሁ። ሻጩ መጀመሪያ «ገንዘቡ እስኪለቀቅልኝ አልልክም» አለ። ስጨቀጭቀው የመከታተያ ቁጥር ላከልኝ፤ ቁጥሩን ሳስገባው ግን «የዕቃው መረጃ ደርሶናል» ከሚል ውጭ ምንም የለም። አሁን «ቅሬታ እንዳትከፍት፣ ሁለት ሳምንት ታገሠኝ» ይላል። ልታገሥ ወይስ ልክፈት?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ገንዘቡ መያዙ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ላለመላክ ግን ምክንያት አይሆንም። ፔይፓል የአዲስ ሻጭን፣ ሽያጭ አቁሞ የከረመን ወይም ቅሬታ የበዛበትን ሰው ገንዘብ እስከ 21 ቀን ሊይዝ ይችላል። ይህም ዕቃው ካልደረሰ ለገዢው የሚመለስ ገንዘብ እንዳይጠፋ ነው። ቶሎ እንዲለቀቅለት ከፈለገ ዕቃውን ልኮ የመከታተያ ቁጥሩን ያስገባ፤ አጓጓዡ መድረሱን ካረጋገጠ ባብዛኛው በአንድ ቀን ገደማ ይለቀቅለታል። «ይለቀቅልኝና ልላክ» ማለት ነገሩን መገልበጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ቅሬታ ካልተነሳ ዕቃው ባይደርስም ቀኑ ሲሞላ ገንዘቡ ይለቀቃል። ከተከፈተ ግን ጉዳዩ እስኪያልቅ እንደተያዘ ይቆያል። ሁለት ሳምንት የጠየቀህ ለዚህ ነው ብዬ አልፈርድበትም፤ አንተ ግን ቀን ቁጠር። እኔ ብሆን ዛሬውኑ እከፍታለሁ።

መልስ 2
ስለ ቁጥሩ ልጨምር። «መረጃ ደርሶናል» ማለት ሌብሉ (ዕቃው ላይ የሚለጠፈው የአድራሻ ወረቀት) ታትሟል ማለት ብቻ ነው፤ ዕቃው አጓጓዡ እጅ አልገባም። «ተረክበናል» የሚል ስካን እስኪታይ ድረስ እንዳልተላከ ቁጠረው።

በመደበኛ ፖስታ ከአገር አገር የሚላክ ከሆነ ቁጥሩ 13 ቦታ አለው፦ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝ፣ ከዚያ የላኪው አገር ሁለት ፊደል። ዘጠነኛው አሃዝ ማረጋገጫ ነው። የፊተኞቹን ስምንት አሃዞች በተራ በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9፣ 7 አባዝተህ ደምር፤ ድምሩን ለ11 አካፍለህ ቀሪውን ከ11 ቀንስ። ለምሳሌ 12345678 ድምሩ 204፣ ቀሪው 6፣ ማረጋገጫው 5 ነው። (ውጤቱ 10 ከወጣ 0፣ 11 ከወጣ 5 ይጻፋል።) ካልገጠመ ቁጥሩ ተሳስቷል ወይም የፈጠራ ነው። እንደ ዲኤችኤል ያሉ የግል አጓጓዦች የራሳቸው አቆጣጠር ስላላቸው ይህ ለእነሱ አይሠራም።

ከዚህ የሚብሰው እውነተኛ ቁጥር ሰጥቶ ዕቃውን ሌላ ሰው ቤት መላክ ነው። ሲስተሙ «ደርሷል» ይላል፣ አንተ ባዶ እጅህን ነህ። እንዲህ ከሆነ ዕቃው በአንተ አድራሻ እንዳልተላከ አጓጓዡ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልህ ጠይቅና ከቅሬታው ጋር አያይዘው።

መልስ 3
ቀኖቹን ላስቀምጥ፣ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ፔይፓል ላይ ቅሬታ የሚከፈተው ከከፈልክበት ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ነው። ከከፈትክ በኋላ ግን በ20 ቀን ውስጥ ፔይፓል ራሱ እንዲዳኘው ካላሳደግኸው በራሱ ይዘጋል፤ ተመልሶም አይከፈትም። ለዚህ ነው ሻጮች ቅሬታው ከተከፈተ በኋላም ጭምር «ትንሽ ታገሠኝ» የሚሉት። የገዛኸው ከኢቤይ ከሆነ ለመድረሻ ከተባለው የመጨረሻ ቀን በኋላ ያለህ 30 ቀን ነው።

የፔይፓል ክፍያህ ከካርድህ የወጣ ከሆነ ባንክህ በኩል ቻርጅባክ (ባንኩ የከፈልከውን እንዲያስመልስልህ) መጠየቅም ይቻላል፤ በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ባብዛኛው እስከ 120 ቀን ነው፣ ባንክህ ያሳጠረው እንደሆነ ግን ጠይቅ። ሁለቱን ባንዴ አትጀምር፤ ቻርጅባክ ከገባ ፔይፓል የራሱን ጉዳይ ይዘጋዋል። «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው ምርጫ ከፍለህ ከሆነ ግን የፔይፓል የገዢ ጥበቃ አይሸፍንህም።

ጠያቂ
ከፈትኩ። ወዲያው «ቅሬታውን ዝጋና በባንክ እልክልሃለሁ» አለኝ።

መልስ 1
እንዳትዘጋ። የተያዘውን ገንዘብ ከዚያው ክፍያ ላይ ሪፈንድ ማድረግ (መመለስ) ይችላል፤ የባንክ ቁጥርህን የሚያስጠይቅ ነገር የለም። ንግግራችሁን ከገበያው መልእክት ሳጥን አታውጣ፣ ስክሪንሾትም አስቀር። ክፍያው «ተመልሷል» ተብሎ አካውንትህ ላይ እስኪመዘገብ ድረስ ቅሬታው ክፍት ይሁን፤ ወደ ካርድህ እስኪገባ ግን ጥቂት ቀን ሊወስድ ይችላል።