የአባቴ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ሞተሩ ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም?

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
አባቴ ትቶልን ያለፈ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለን። ከሐረማያ ድንችና ጥቅል ጎመን ወደ ድሬ ሲያወርድ የኖረ ነው። አሁን ሦስት ዓመት ቆሟል። ሊብሬው ላይ በእጅ ጽሑፍ «ኤፍጄ45፣ 1976» ይላል፤ ሞተሩ ግን ናፍጣ ነው። ደላላው «ሞተሩ ተቀይሯል» እያለ ዋጋ እየሰበረብኝ ነው። አባቴ ሞተር ቀየርኩ ሲል ሰምቼ አላውቅም። የምታውቁ እርዱኝ።

ሸዋ በር፦
አቦ፣ በሊብሬ ብቻ አትሽጥ! እኔ ሐረር ጋራዥ ውስጥ ያረጀሁት እነዚህን መኪናዎች ስፈታ ነው።

በስሙ ፊት ያለው ፊደል ሞተሩን ነው የሚናገረው። ኤፍ ማለት ቤንዚን ነው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር። መጀመሪያ 3.9 ሊትር ነበር፤ በኋላ 2ኤፍ የሚባለው 4.2 ሊትር መጣ። ኤች ደግሞ ናፍጣ ነው። የፊተኛው 3.6 ሊትር ሲሆን ኤችጄ45 ላይ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ባለ 4 ሊትሩ 2ኤች ሲገባ ስሙ ኤችጄ47 ሆነ። በዚያው በፈረንጅ 1984 መጨረሻ ላይ ደግሞ 75 የሚባለው ሞዴል ተተካበት። ኤችጄ47 የኖረው አራት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ዛሬ ፈልገህ የማታገኘው ያንን ነው።

አሁን ልብ በል ልጄ። «1976» በኛ አቆጣጠር ቢሆንስ? በፈረንጅ 1983 ወይም 84 ይሆናል። ያኔ ናፍጣው ከፋብሪካ የመጣ ነው ማለት ነው፤ የተሳሳተው ሊብሬውን የሞላው ሰው ነው።

በቀኝ በኩል፣ ፊት ጎማው አጠገብ፣ ሻንሲው ላይ ቁጥር ተመትቷል። በቅባት ስለተሸፈነ አይታይህም። በላምባና በሽቦ ብሩሽ እሸው። ሲደርቅ ጠመኔ ፈግፍግበትና በጨርቅ ጥረገው። ጠመኔው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀርና ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የሞተሩንም ቁጥር እይ።

ደንገጎ፦
ደላላው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። የጎረቤታችን ኤፍጄ45 የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ቤንዚን እንደ ውሃ ነበር የሚጠጣው። በመጨረሻ ናፍጣ አስገጠመበት። እንዲህ ያደረገ ብዙ ሰው ነው።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ሥሩ ገባን። መጀመሪያ «ኤች» ብቻ ነበር የታየው፤ ሁለተኛ ስናሸው «ኤችጄ47» ብሎ ቁልጭ አለ። ሞተሩም 2ኤች ነው። ወንድሜ አለቀሰ። ዕቃው ግን ይገኛል?

ሸዋ በር፦
እሰይ! የሞተሩ አያሳስብህ፤ 2ኤች 60 የሚባለው ላንድክሩዘር ላይም 75ቱ ላይም ተገጥሟል። የሚቸግርህ በርና ኮፈን ነው፤ ያሉህን ከዝገት ጠብቅ። ፖምፓውን ሳታስፈትሽ ደግሞ እንዳታስነሳው፣ ሦስት ዓመት የቆመ ናፍጣ አለበት።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
እሺ ጋሼ። ለደላላው መኪናውን አልሸጥም ብዬዋለሁ።