ሻማ ቤት ውስጥ መሥራት ያዋጣል?

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነው የምኖረው፣ ከወለድኩ ወዲህ ሥራ አቁሜ ቤት ነኝ። ልጄን እያየሁ ትንሽ ገቢ የሚያመጣ ነገር ስፈልግ ሻማ ትዝ አለኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ሻማ ይገዛል፣ ገበያ አያጣም ብዬ ነው። ፓራፊን የሚባለውን የፋብሪካ ሰም በኪሎ ገዝቼ፣ አቅልጬ፣ በቅርጽ አውጥቼ ለሰፈር ሱቆች ባከፋፍል ያዋጣኛል? ወይስ ድካም ብቻ ነው? ሥራውን የምታውቁ እውነቱን ንገሩኝ።

ቤዛ፦ እህቴ፣ ከምንም በፊት ሒሳቡን ሥሪ። ከሱቅ አንድ ፓኬት ተራ ነጭ ሻማ ግዢና አስመዝኚው። 1 ኪሎ ፓራፊን ቢቀልጥ የሚወጣው ያው 1 ኪሎ ሻማ ነው፣ አይበረክትም። አንዱ 50 ግራም ከሆነ ከኪሎው 20 ሻማ ታወጫለሽ ማለት ነው። የ20ውን የሱቅ ዋጋ ከፓራፊኑ፣ ከክሩና ከማብሰያው ወጪ ጋር አስተያዪው፣ ባለሱቁም ትርፉን ይፈልጋል። ፋብሪካ ጥሬ ዕቃውን በጅምላ ስለሚያስገባ በዋጋ አትችይውም። ደግሞ አሁን ብዙ ቤት ቻርጅ የሚደረግ አምፖል አለ። መብራት ሲጠፋ ለሚበራ ሻማ ብለሽ ከሆነ፣ እኔ ተይው ነው የምልሽ።

ዳዊት፦ ቤዛ ልክ ናት። ግን ለክርስትና፣ ለሠርግና ለልደት የሚሆን ባለቀለም ሻማ ሌላ ሒሳብ ነው፣ እዚያ ሰው ለመልኩ ይከፍላል። ብቻ ቀብድ ሳትቀበዪ አትሥሪ።

እትዬ አስካለ፦ ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ጧፍን ለምን አላሰብሽውም? ቤተ ክርስቲያን ያለ ጧፍ አይውልም፣ በዓል ሲሆንማ ስለት ያለበት ሁሉ ይገዛል። ምእመኑም ንጹሕ የማር ሰም ነው የሚፈልገው። አሁን በየቦታው ፓራፊን የተቀላቀለበት ስለበዛ፣ ንጹሑን የሚሠራ ሰው ከተገኘ ደንበኛ አይለቀውም። ጠጅ የሚጥሉ ሰዎችን ጠይቂ፣ ከማሩ ላይ የሚንሳፈፈውን ሰፈፍ ይሸጡልሻል። ሰፈፉን ውሃ ጨምረሽ በዝግታ አፍይው፣ በነጠላ ጨርቅ አጥሊው፣ ሳትነካኪው ይደር። ጠዋት ሰሙ ከላይ ረግቶ ታገኚዋለሽ፣ ከሥሩ የያዘውን ጥቁር ቆሻሻ በቢላ ፍቀሽ ጣይ። ንጹሕ እስኪሆን ድገሚው። ከዚያ የጥጥ ፈትል ደርበሽ ትገምጂና የቀለጠው ሰም ውስጥ ነክረሽ ታወጫለሽ፣ ሲደርቅ እንደገና ትነክሪያለሽ፣ እስኪወፍር። ገና ለብ እንዳለ ለስላሳ ጣውላ ላይ ካንከባለልሽው ቀጥ ይላል። የጠጅ ሽታ የቀረበት ሰፈፍ በደንብ አልተጣራም ማለት ነው፣ ለሽያጭ አታውጪው። ሰም ስትገዢም ቆርሰሽ አሽትቺው፣ ማር ማር ካልሸተተሽ ተጠራጠሪ።

ሀብታሙ፦ ሕፃን ያለበት ቤት ስለሆነ አንድ ነገር አደራ። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አትጣጂ። ትልቅ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተሽ ሰሙን በትንሽ ዕቃ እዚያ ውስጥ አስቀምጪው። የማር ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ የውሃው ሙቀት ከበቂ በላይ ነው። በእሳት ከተያያዘ ውሃ እንዳትደፊበት! ነበልባሉ ይፈነዳና ፊትሽ ላይ ይመጣል። ክዳን ክደኚበት፣ ምድጃውን አጥፊ፣ ድስቱን ከቦታው አታንቀሳቅሺ። ትርፍራፊውንም የዕቃ ማጠቢያ ውስጥ አትድፊ፣ ቱቦ ይደፍናል።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በተለይ እትዬ አስካለ። ፓራፊኑን ትቼዋለሁ። እርስዎ እንዳሉት በጥቂት ሰፈፍ ልጀምር ነው። አንድ ጥያቄ፣ ክሩ ምን ያህል ይወፍር? ለሙከራ ከሱቅ በገዛሁት የስፌት ክር የሠራሁት ወዲያው ይጠፋል።

እትዬ አስካለ፦ የስፌት ክር አይሆንም ልጄ፣ ቀጭን ነው፣ ሰሙን መሳብ ያቅተዋል። ናይለን ያለበት ከሆነ ደግሞ ይቀልጣል እንጂ አይነድም። ከፈታይ የጥጥ ማግ ግዢ። ጥቂት ጥቂት በተለያየ ውፍረት ሠርተሽ አብሪያቸው፦ የሚጠፋው ክሩ ቀጥኖበት ነው፣ የሚያጨሰውና ቶሎ የሚያልቀው ወፍሮበት ነው። መሃል ያለውን ያዢ። ለሽያጭ ከማውጣትሽ በፊት ደግሞ ለደብራችሁ አገልጋዮች ጥቂት ስጪና በቅዳሴ ያብሩት፣ ጉድለቱን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።